ቁንዶ በርበሬ፦ የማዕድ ማጣፈጫ፣ የጤና አጋዥ

ቁንዶ በርበሬ ከኢትዮጵያውያን ጓዳ የማይጠፋ ቅመም ነው። በዶሮ ወጥ መከለሻ ውስጥ ይገባል፤ በአልጫ ላይ ይነሰነሳል፤ ጉንፋን ሲበረታም ከዝንጅብልና ከማር ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣል። በሌላው ዓለምም ከጨው ጎን ለጎን ከገበታ የማይታጣ ማጣፈጫ ነው።

ስለ ጤና ጥቅሙ የሚነገረው ሁሉ ግን ከእውነታው ጋር አይጣጣምም። አንዳንዱ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ይፈውሳል ሲል፣ ሌላው ክብደት ለመቀነስ በየማለዳው በባዶ ሆድ እንዲወሰድ ይመክራል። እንዲህ ያለውን ወሬ አምኖ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። በአንጻሩ ቅመሙ በእርግጥ ያለውን ጥቅም በአደራረቅ፣ በአቀማመጥና በአፈጫጨት ጉድለት የሚያጡት ብዙዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ቁንዶ በርበሬ ምን እንደሆነ፣ ለሰውነት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ፣ በወጥ ቤትም ሆነ በማሳ እንዴት መያዝ እንዳለበት ያብራራል።

ስሙ ከበርበሬ፣ ዝምድናው ከጥምዝ

ስያሜው ከበርበሬ ጋር ቢያመሳስለውም ሁለቱ ዕፅዋት የሥጋ ዝምድና የላቸውም። በርበሬና ሚጥሚጣ ከቲማቲምና ከድንች ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። ወደተቀረው ዓለም የተሰራጩትም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ ነው። ቁንዶ በርበሬ ግን በሳይንሳዊ ስሙ «ፓይፐር ናይግረም» የሚባል፣ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ የሐረግ ተክል ሲሆን፣ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ህንድ እርጥበታማ ደኖች ናቸው።

የቅርብ ዘመዱ በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ይገኛል። በመከለሻና በበርበሬ ድልህ ውስጥ የሚገባው ጥምዝ ከዚሁ ከቁንዶ በርበሬ ወገን የሆነ ተክል ነው። ሁለቱን በአፍ የቀመሰ ሰው የማቃጠል ስሜታቸውን ተመሳሳይነት በቀላሉ ይረዳል። ኮረሪማ በበኩሉ ከዝንጅብልና ከእርድ ቤተሰብ የሚመደብ በመሆኑ በቅመም ገበያ ጎረቤታቸው እንጂ ዘመዳቸው አይደለም።

ነገሥታትን ያስጓጓ ፍሬ

ቁንዶ በርበሬ በዓለም የንግድ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ከያዙ ሰብሎች አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1213 የሞተው የግብጹ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ አስከሬን ሲደርቅ በአፍንጫው ውስጥ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ተቀምጦበት ተገኝቷል። በቀይ ባሕር ዳርቻ በነበረችው ጥንታዊት የግብጽ ወደብ በርኒቄ በተደረገ ቁፋሮም ከ7 ኪሎ ግራም በላይ የህንድ ቁንዶ በርበሬ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ በትልቅ እንስራ እንደተቀመጠ ተገኝቷል። ይህም ቅመሙ ከ2 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በቀይ ባሕር በኩል በብዛት ይመላለስ እንደነበር ያሳያል።

የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው አዱሊስም በዚሁ የባሕር መስመር ላይ ነበረች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ግሪካዊው ነጋዴ ኮስማስ በመጽሐፉ ስለ አክሱም ብቻ ሳይሆን በህንድ ማላባር ዳርቻ ስለሚበቅለው የቁንዶ በርበሬ ሐረግም ጽፏል። የጎት ነገድ መሪ የነበረው አላሪክ በ408 እ.ኤ.አ. ሮምን ከብቦ ካሣ ሲጠይቅ፣ ከወርቅና ከብር ጋር 3 ሺህ ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ እንዲሰጠው መጠየቁ የቅመሙን የያኔ ዋጋ ይመሰክራል። ፖርቹጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. አፍሪካን ዞሮ ህንድ ካሊከት ሲደርስም ከሚፈለጉት ሸቀጦች ቀዳሚው ይኸው ፍሬ ነበር። ዛሬ ከዓለም አገሮች ቁንዶ በርበሬን በማምረት ቪየትናም የምትመራ ሲሆን፣ ብራዚል፣ ኢንዶኔዥያና ህንድም በብዛት ያመርታሉ።

አንድ ፍሬ፣ ልዩ ልዩ መልክ

በገበያ ላይ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ የሚቀርበው ቁንዶ በርበሬ ከአንድ ተክል የሚገኝ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፍሬው የሚለቀምበት ጊዜና ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ዝግጅት ነው።

ጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ፍሬው በሚገባ ካፈራ በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ሳይበስል ተለቅሞ ሲደርቅ ነው። በሚደርቅበት ጊዜ አረንጓዴው ልጣጭ ይጨማደድና ይጠቁራል። ነጩ ደግሞ ከበሰለ ፍሬ ይዘጋጃል፤ ፍሬው ለሳምንት ያህል በውኃ ተዘፍዝፎ ልጣጩ ከለቀቀ በኋላ ታሽቶና ታጥቦ ይደርቃል። ልጣጩ ስለሚወገድ ነጩ የማቃጠል ኃይሉ ባይጠፋም መዓዛው ከጥቁሩ ያነሰ ነው። አረንጓዴው ያልበሰለው ፍሬ ቀለሙን ሳይለቅ በጨው ውኃ ተቀምጦ ወይም በልዩ ዘዴ ደርቆ ለገበያ የሚቀርብ ነው።

የሚያቃጥለውና የሚሸተው

የቁንዶ በርበሬ ባሕርይ በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው ፓይፐሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ሀንስ ክርስቲያን ኧርስትድ በ1819 እ.ኤ.አ. ለይቶ አውጥቶታል። በደረቅ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። ምላስን የሚያቃጥለው ይኸው ፓይፐሪን ነው። በምላስና በአፍ ውስጥ ሙቀትንና ሕመምን የሚለዩ የነርቭ ጫፎችን ስለሚቀሰቅስ አንጎል የተቃጠለ ያህል መልእክት ይደርሰዋል። የበርበሬው ካፕሳይሲንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኃይሉ ግን ከፓይፐሪን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛው የሚተነው ዘይት ነው። ከፍሬው ክብደት ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ የሚሆን ሲሆን፣ የቅመሙ መዓዛ የሚመነጨው ከእርሱ ነው። በሎሚ ልጣጭ ውስጥ የሚገኘው ሊሞኒንና ለጽድ መሰል ዛፎች ሽታ የሚሰጠው ፓይኒን በዚህ ዘይት ውስጥ አሉ። ቁንዶ በርበሬ ሲወቀጥ የሎሚና የጫካ ሽታ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ በወጥ ቤት ውስጥ ይጠቅማል። ዘይቱ በሙቀትና በነፋስ በቀላሉ ይተናል። ፓይፐሪን ግን እሳትን ይችላል፤ የሚጎዳው ለብርሃን ሲጋለጥ ነው። ለብዙ ጊዜ ብርሃን ያገኘው ፓይፐሪን ቅርጹን ስለሚለውጥ የማቃጠል ኃይሉን ያጣል። ተፈጭቶ በመስኮት ዳር ለወራት የተቀመጠ ቁንዶ በርበሬ ሽታም ኃይልም የማይኖረው ለዚህ ነው።

ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

የምግብ መፈጨትን ያግዛል። ቁንዶ በርበሬ ምላስ ላይ ሲያርፍ ምራቅ እንዲመነጭ ያደርጋል፤ የጨጓራ ፈሳሽንም ያነቃቃል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ፓይፐሪን ቆሽት የሚያመነጫቸውን ምግብ ፈጪ ንጥረ ነገሮች እንደሚጨምር አሳይተዋል። ምግብን ማሽተትና መቅመስ በራሱ ፍላጎትን ስለሚቀሰቅስ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ለቀነሰ ሰዎች ምግብን በመጠኑ በቅመም ማጣፈጥ ይረዳል።

ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ ደም እንዲገቡ ይረዳል። ስለ ቁንዶ በርበሬ ከተደረጉት ጥናቶች በስፋት የሚጠቀሰው በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የህንድ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብቻውን ሲወሰድ አብዛኛው ሳይጠቅም ከሰውነት ይወገዳል። ተመራማሪዎቹ ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ጋር ሲሰጡ ወደ ደም የገባው መጠን 2 ሺህ በመቶ ጨምሯል። ሃያ ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ከግማሽ ግራም በታች በሆነ ቁንዶ በርበሬ፣ ማለትም በአንድ ቁንጥጫ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ውጤት የአልጫ ወጥን አሠራር በአዲስ ዓይን እንድናይ ያደርጋል። በአልጫ ውስጥ እርድ፣ ዘይት ወይም ቅቤ፣ በማውጫው ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይገባል። ኩርኩሚን በስብ ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ ሦስቱ መገናኘታቸው ተስማሚ ነው። ይሁንና በጥናቱ የተሰጠውን ያህል ኩርኩሚን ከምግብ ለማግኘት ከ60 ግራም በላይ እርድ በአንድ ጊዜ መብላት ያስፈልጋል። በመሆኑም አልጫ ጥሩ ምግብ እንጂ በልክ የተመጠነ መድኃኒት አይደለም።

ጨውን ለመቀነስ ያስችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል። ከዚህ በላይ መውሰድ ለደም ግፊት፣ በዚያም በኩል ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። ጨው የተቀነሰበት ምግብ ግን ለብዙዎች ይመርራል ወይም ጣዕም ያጣል። ቁንዶ በርበሬ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲገባ የጨውን ጉድለት ይሸፍናል። ቅመሙ በዕለት ተዕለት ኑሮ ለጤና ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ሁሉ በተግባር የላቀው ምናልባት ይኸኛው ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው የሚጠቀመው ቁንዶ በርበሬ ግፊቱን ስለሚያወርድ ሳይሆን የጨው እጁን ስለሚያሳጥርለት ነው።

በንጥረ ነገር የበለጸገ ነው፤ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ 2.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በውስጡም 6 ኪሎ ካሎሪ፣ 0.6 ግራም አሰር፣ 0.3 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ማንጋኒዝ፣ 0.2 ሚሊ ግራም ብረትና ጥቂት ቫይታሚን ኬ ይገኛል። ማንጋኒዙ አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ይሸፍናል። ብረቱ ግን ከደም ማነስ የሚታደግ አይደለም። አንድ ሰው በቀን የሚመገበው ቁንዶ በርበሬ ብዙውን ጊዜ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ስለማይበልጥ፣ ዋና የንጥረ ነገር ምንጭ አድርጎ ማሰብ ተገቢ አይደለም።

በቤተ ሙከራ የታየ ተስፋ አለው። ፓይፐሪን በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች ሕዋሳትን ከጉዳት የመከላከልና የሰውነት መቆጣትን የመቀነስ ባሕርይ አሳይቷል። በብልቃጥ ውስጥ የታየ ውጤት ግን በሰው አካል ውስጥ ይደገማል ማለት አይደለም። ቁንዶ በርበሬ ካንሰርን፣ የስኳር በሽታን ወይም የደም ግፊትን እንደሚፈውስ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁኔታዎች

ቁንዶ በርበሬ ኩርኩሚንን እንዲጠቅም የሚያደርግበት መንገድ ጎጂም ሊሆን ይችላል። ፓይፐሪን በአንጀትና በጉበት ውስጥ መድኃኒቶችን የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮችን ሥራ ያዘገያል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ መድኃኒቶች ከታሰበው በላይ በደም ውስጥ ይከማቻሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልና ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊን መጠናቸው በፓይፐሪን ምክንያት እንደሚጨምር በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል።

በወጥ ላይ የሚነሰነስ ቁንጥጫ ለአብዛኛው ሰው አሳሳቢ አይደለም። አሳሳቢው በእንክብል መልክ የሚሸጠው የተጠናከረ ፓይፐሪን፣ እንዲሁም በማንኪያ እየተለካ በየቀኑ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ዱቄት ነው። በቋሚነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን ልማድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ሊያማክር ይገባል። መድኃኒትን አቋርጦ በቅመም መተካት ደግሞ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይደለም።

ሌሎች ልብ ሊባሉ የሚገቡ ነጥቦችም አሉ።

• የጨጓራ ቁስለት ወይም ቃር ያለባቸው ሰዎች ቁንዶ በርበሬ ሕመማቸውን ሊያባብስባቸው ይችላል። የሚያቃጥላቸው ከሆነ መቀነስ ወይም መተው ይኖርባቸዋል።

• ነፍሰ ጡር እናቶች በምግብ ውስጥ በተለመደው መጠን ሊጠቀሙት ይችላሉ። የተጠናከሩ እንክብሎችን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የለባቸውም።

• ሙሉው ፍሬ ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ መቀመጥ የለበትም፤ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ዱቄቱም ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል።

• ለሳል ተብሎ ከማር ጋር የሚዘጋጅ ቁንዶ በርበሬ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። ማር በዚህ ዕድሜ ለከባድ መመረዝ ሊዳርግ ይችላል።

• ዝንጅብል፣ ማርና ቁንዶ በርበሬ የገባበት ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ሊያለሰልስና የታፈነ አፍንጫን ሊያቀል ይችላል። ሆኖም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ቤት ውስጥ በቅመም ሲታገል መሰንበት የለበትም፤ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። የሚዘገየው ጊዜ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ለበሽታው ያጋልጣል።

በወጥ ቤት ውስጥ

ከቁንዶ በርበሬ ሙሉ ጣዕም ለማግኘት ቀዳሚው ሕግ ፍሬውን ሳይፈጩ ማስቀመጥና በሚያስፈልግበት ጊዜ መውቀጥ ነው። ሙሉው ፍሬ በደንብ ከተከደነ መዓዛውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። የተፈጨው ግን በወራት ውስጥ ይደክማል። ለዚህም ሙቀጫና ዘነዘና ወይም ትንሽ የእጅ መፍጫ ይበቃል። ዱቄቱን ማዘጋጀት የግድ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚሆነውን ብቻ መፍጨት ይመረጣል።

ሁለተኛው ሕግ የሚገባበትን ጊዜ መለየት ነው። መዓዛው እንዲሸት የተፈለገ እንደሆነ ወጡ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ይጨመራል። የአገራችን ባለሙያዎች መከለሻን በመጨረሻ የሚጨምሩት ይህንኑ በልምድ ስላወቁ ነው። ለስላሳ የማቃጠል ስሜት ብቻ ሲፈለግ ግን ሙሉውን ፍሬ ከመጀመሪያው ጋር መቀቀል ይቻላል።

መከለሻ በየቤቱ አሠራሩ ቢለያይም ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ በብዛት ይገቡበታል። ቅመሞቹ በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት ለአጭር ጊዜ ይታመሳሉ፤ ሽታቸው መውጣት ሲጀምር ይወርዳሉ፤ ከቀዘቀዙ በኋላም ይወቀጣሉ። ከመጠን በላይ የታመሰ ቁንዶ በርበሬ ዘይቱ ተንኖ ምሬት ብቻ ይቀረዋል።

በዕለታዊ ምግቦች ላይ እንደሚከተለው መጠቀም ይቻላል።

• የአተር ክክ ወይም የድንች አልጫ፦ ለአምስት ሰው በሚሆን ወጥ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ከመውጣቱ በፊት ይጨመራል። በጾም ወቅት በዘይት ለሚሠራ አልጫ ጣዕም ከሚሰጡት ቅመሞች አንዱ ነው።

• ጥብስ፦ ሸካራ ሆኖ የተከካ ቁንዶ በርበሬ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነስበታል። በጣም በጋለ ምጣድ ላይ ቀድሞ ከገባ ያርርና ይመርራል።

• ሾርባና የአጥንት መረቅ፦ ከ8 እስከ 10 ሙሉ ፍሬ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ይቀቀላል፤ ሲወጣ ጨርቁ ይነሳል።

• እንቁላል፣ ዓሣና የቲማቲም ሰላጣ፦ ቁንጥጫ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ሎሚ ሲጨመርባቸው በአነስተኛ ጨው ይጣፍጣሉ።

• ሻይ፦ ሁለት ወይም ሦስት የተከካ ፍሬ ከዝንጅብልና ከቀረፋ ጋር ሲፈላ ለብርድ ጊዜ የሚስማማ መጠጥ ይሆናል።

በሌሎች አገሮችም ቅመሙ ራሱን ችሎ ገናና ነው። በሮም ከተማ በበሰለ ፓስታ ላይ የበግ አይብና በብዛት የተከካ ቁንዶ በርበሬ ብቻ ተደርጎበት የሚቀርበው ምግብ ታዋቂ ነው። በደቡብ ህንድ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቀጭን ሾርባ ለጉንፋን ይጠጣል።

ለአርሶ አደሩ፦ ጥራት የሚጀምረው ከማሳ ነው

በኢትዮጵያ ቁንዶ በርበሬ ከሚመረትባቸው አካባቢዎች በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የሚገኙት ቴፒና በበቃ ተጠቃሽ ናቸው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በቴፒ ባለው ማእከሉ በቅመማ ቅመም ሰብሎች ላይ ምርምር ያካሂዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ የብዙ አርሶ አደሮችን ምርት ካወደመ ወዲህ፣ በአንድ የቅመም ዓይነት ላይ ብቻ አለመመሥረት ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ሆኗል። ቁንዶ በርበሬ በቡናና በጥላ ዛፎች መካከል ሊገባ የሚችል በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ስብጥር ይስማማል።

ተክሉ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከፍተኛ ዝናብ፣ ውኃ የማይቋጥር ለም አፈርና ከነፋስ የሚከልል ጥላ ይፈልጋል። ውርጭን ፈጽሞ አይችልም። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋው ቀዝቃዛ ክፍል ለሚኖር አርሶ አደር አዋጭ ሰብል አይደለም። ችግኙ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከሥሩ ከሚወጡ መሬት ለመሬት ከሚሄዱ ሐረጎች ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ተቆርጦ ነው። በችግኝ ማፍያ ላስቲክ ውስጥ ሥር ካወጣ በኋላ ዝናብ ሲጀምር እንደ ግራቪሊያ ባለ የድጋፍ ዛፍ ሥር ይተከላል። ምርት መስጠት የሚጀምረው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዓመት አንሥቶ ሲሆን፣ በአግባቡ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ሊያፈራ ይችላል።

ትልቁ ጠላቱ ሥርንና የግንድ ግርጌን የሚያበሰብሰው በሽታ ነው። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ በፍጥነት ይዛመታል። ቅጠሎቹ ጥቁር ነጥብ ያወጡና ይረግፋሉ፤ ሐረጉም በሳምንታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። የማፋሰሻ ቦይ ማውጣት፣ በክረምት ጥላውን መቀነስ፣ የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድና መሣሪያን ማጽዳት ዋነኞቹ መከላከያዎች ናቸው። ችግኝም ከጤነኛ ማሳ ብቻ መወሰድ አለበት።

ፍሬው አበባ ካወጣ ከ6 እስከ 8 ወር ውስጥ ይደርሳል። ለጥቁር ቁንዶ በርበሬ ትክክለኛው የመልቀሚያ ጊዜ በዘለላው ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቅላት ሲለወጥ ነው። ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ ሲደርቅ ክፍት ሆኖ ይቀላል፤ ዘግይቶ የተለቀመው ደግሞ በብዛት ይረግፋል።

ከዘለላው የተፈለፈለውን ፍሬ ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ሦስት ጥቅሞች አሉት። ቆሻሻውን ያጥባል፤ መድረቁን ያፋጥናል፤ ቀለሙም ወጥ የሆነ ጥቁር እንዲሆን ያደርጋል። ከዚያም በንጹሕ ሰሌን፣ በሸራ ወይም እንደ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከ4 እስከ 7 ቀናት በፀሐይ ይደርቃል። በየጊዜው መገላበጥ፣ ማታ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ያስፈልጋል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከ100 ኪሎ ግራም እሸት 33 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቁንዶ በርበሬ ይገኛል።

በባዶ መሬት ላይ ማድረቅ አፈርና የዶሮ ኩስ ከማስነካቱም በላይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ያስገባል። ጉዳቱ ቀላል አለመሆኑን በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሆነው ያሳያል፤ በሳልሞኔላ በተበከለ ቁንዶ በርበሬ በተለበጠ የሥጋ ምርት ምክንያት ከ270 በላይ ሰዎች ታመዋል። ሳይደርቅ የተከማቸ ፍሬም ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። የደረቀው ምርት በንጹሕ ከረጢት ተሞልቶ፣ በርብራብ ላይ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከማዳበሪያና ከጸረ ተባይ መድኃኒት ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ለሸማቹ፦ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት

ሸማቹ በተቻለ መጠን ሙሉውን ፍሬ እንዲገዛ ይመከራል፤ በዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር መደባለቅ ቀላል ነው። ጥሩ ፍሬ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ጠንካራና ለመጠኑ ከበድ የሚል ነው። በጣት ተጭኖ የሚፈርስ ፍሬ ውስጡ ባዶ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሽፋን የታየበትና የሻጋታ ሽታ ያለው መጣል አለበት፤ ሻጋታውን ጠርጎ መጠቀም አደገኛ ነው።

የደረቀ የፓፓያ ዘር ከቁንዶ በርበሬ ጋር በመመሳሰሉ በአንዳንድ አገሮች ለማጭበርበሪያ ይውላል። ይህንን በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ጥቂት ፍሬ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ደህናው ቁንዶ በርበሬ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የፓፓያ ዘርና ባዶ ፍሬ ግን ይንሳፈፋል። ከዚያም የተንሳፈፈውን በጥርስ ሰበር አድርጎ ማሽተት ነው፤ የቁንዶ በርበሬ ሽታና ማቃጠል ከሌለው ባዕድ ነው።

ከተገዛ በኋላም ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ሙቀትና እንፋሎት ስለሚደርሰው አይመረጥም። በሚፈላ ድስት ላይ ዕቃውን ዘቅዝቆ መነስነስም እንፋሎት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ በማንኪያ ወይም በእጅ ቆንጥሮ መጨመር ይሻላል።

በጥቅሉ ቁንዶ በርበሬ ምግብን የሚያጣፍጥ፣ መፈጨትን የሚያግዝና የጨውን መጠን ለመቀነስ የሚረዳ ጠቃሚ ቅመም ነው። ጥቅሙ የሚገኘው በጥንቃቄ ደርቆ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ተጠብቆ፣ በመጠን ሲበላ ነው። ሕመም ሲያጋጥም ግን የሐኪምን ቦታ ሊተካ አይችልም። ቅመሙን ለማዕድ፣ ሕመሙን ለጤና ባለሙያ መተው ለቤተሰብ ሁሉ የሚበጅ መንገድ ነው።